ጥፋቱ የኔ ነው፤ እበቱ ትኩስ ነበር

ለዛሬ ስለ ጓሮ ጎመን ላወጋችሁ ቀጠሮ ነበረን። ይቅርታ አድርጉልኝና ጎመኑ ለሳምንት ይቆየን። ባለፈው ሰኞ ከቢቸና የደረሰኝ ደብዳቤ እንቅልፍ ነስቶኛል። ለምን ብትሉ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ታስታውሱ እንደሆነ፣ ግንቦት ውስጥ ስለ ጓሮ አበባ ስጽፍ መጨረሻ ላይ «ለአበባ ደግሞ የላም እበትን የሚያህል ማዳበሪያ የለም፤ እንዳትሰስቱ!» ብዬ ነበር የዘጋሁት። ቦታ ጠቦኝ ነበር። ትኩሱን ነው የከረመውን? ከሥሩ ነው ከጎኑ? ለየትኛው አበባ? አንዱንም አላልኩም። ያቺን አንዲት መስመር ቢቸና ላይ ሆና ያነበበች ወጣት አምናኝ ሠራችበት። እስቲ ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«ውድ አዘጋጅ፣ እርስዎ የሚጽፉትን እየቆረጥኩ ነው የማስቀምጠው። የተወለድኩት ሞጣ ነው። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ደጃፋችን ላይ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ቅጠሏ እንደ ጎራዴ የሆነ ሐምራዊ አበባ ነበረቻት። ስሟን አናውቀውም፤ አንዲት የጤና ረዳት ስትዛወር ትታላት የሄደች ናት። እማዬ ጠዋት ቡና ከመቁላቷ በፊት እሷን ሳታይ አትገባም ነበር። አሁን ወንድሞቼ ቤቱን ለመሸጥ ተስማምተዋል። ገዢው የሚረከበው በኅዳር መጨረሻ ነው፤ አጥሩን አፍርሶ ሱቅ ሊሠራበት ነው አሉ። እኔ አግብቼ ቢቸና፣ ከአማቴ ግቢ ነው ያለሁት። ሰኔ ላይ ሄጄ ዘጠኝ ሥር ነቅዬ አመጣሁ። ጉድጓድ ቆፍሬ፣ እርስዎ እንዳሉት ሳልሰስት እበት ሞልቼ፣ ከላይም ደፍቼበት ተከልኳቸው። እስከ ነሐሴ ድረስ ስድስቱ ቀለጡ። ሽታቸው ሰው አያስቀርብም። አማቴ ገና እበቱን ስዝቅ ደስ አላላቸውም ነበር፤ አሁን ‹የሳምንት ኩበቴን አፈር አበላሽብኝ› እያሉ ያነሱታል። ባለቤቴ መሐል ላይ ሆኖ ዝም ይላል። የቀሩት ሦስት ናቸው። እነሱም ቢሞቱ እሺ፣ ግን ሞጣ ያሉትን መልሼ ባመጣ መልሼ እንዳልገድላቸው ፈራሁ።»

ስልኳን ጽፋልኝ ነበርና ደወልኩላት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ምን አደረጉ!» አለችኝ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ።

የላከችልኝን ፎቶ ሳይ አበባዋ አይሪስ ናት። ሦስት ቅጠል ወደ ላይ፣ ሦስት ወደ ታች፣ በታችኞቹ ላይ እንደ ጢም ያለ ቢጫ ጸጉር። ስሟ በግሪክ ቀስተ ደመና ማለት ነው። ግላዲዮለስም ሳፍሮንም ዘመዶቿ ናቸው። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ማለቱ ይስማማታል። የጎጃም ደጋ አልገደላትም። የገደላት እኔና እበቱ ነን፤ ዋልካውም አግዞናል።

እንዴት መሰላችሁ? አይሪስን ስትነቅሉ ከታች የምታገኙት ወፍራም ነገር ዝንጅብል ይመስላል። (ዛሬ «ዝንጅብሉ» እያልኩ ነው የምጠራው፤ የወጥ ዝንጅብል እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው ቢበሉት ይመርዛል፤ ልጅ ያለበት ቤት ልብ በሉ፤ ጭማቂውም የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል።) ይህ ዝንጅብል ምግብና ውኃ ያጠራቀመ ጎተራ ነው። እውነተኛዎቹ ሥሮች ከሥሩ እንደ ክር ይወርዳሉ። ጎተራው ራሱ ግን መቀበር አይወድም፤ ግማሽ ጀርባውን አፈር ላይ አውጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ መዋል ነው የሚፈልገው። እህታችን ታዲያ ጉድጓድ ውስጥ ከተተችው። ከላይም ከታችም እርጥብ እበት አለበሰችው። ከዚያ የሐምሌ ዝናብ መጣ።

ትኩስ እበት ሲፈላ ይሞቃል፤ አሞንያም ይወጣዋል። ሽንት ቤት ስትገቡ ዓይን የሚያቃጥለው እኮ እሱ ነው። ለስላሳውን ሥር ያቃጥለዋል። በተቃጠለው በኩል በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ይገባና ዝንጅብሉን ውስጥ ውስጡን ወደ ገንፎ ይለውጠዋል፤ ያ ክፉ ሽታ የሱ ነው። ዕድል ቀንቶት ባይበሰብስ እንኳ ከትኩስ እበት የሚያገኘው ናይትሮጅን ቅጠሉን ብቻ ነው የሚያወፍረው። ጎራዴው ወገብ ይደርሳል፣ አበባ ግን የለም። ቅጠሉም ገር ስለሚሆን ለበሽታ ይመቻል።

ቢቸናን ለሚያውቅ ደግሞ የአፈሩ ነገር አለ። የእነማይ ዋልካ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት አብጦ ውኃ አላሳልፍም ይላል። ዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ እበት መሙላት ማለት ድስት አዘጋጅቶ መጣድ ነው። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ያሉ ገበሬዎች ዋልካውን የሚያሸንፉት አፈሩን በእጃቸው እያቀፉ ከፍ ያለ መደብ ሠርተው፣ ውኃው በመሐል ቦይ እንዲሄድ አድርገው ነው። ስንዴ እንኳ መደብ ሲሠራለት አይሪስ ጉድጓድ መግባቷ! ይህንንም ግንቦት ላይ አልነገርኳትም። ሞጣ ላይ፣ እሷ እንደምትለው፣ የእናቷ ደጃፍ ቀላ ያለና ወደ መንገዱ ያዘነበለ ነበር። ውኃው አያድርበትም። እናቷ እበት አድርጋላት አታውቅም፤ የምጣድ አመድ ግን አንዳንዴ ትበትንላት ነበር። ይቺን አመድ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ አማትየው እንምጣ። ብዙ ወጣት አንባቢዎቼ «አይ አሮጊቶች!» ልትሉ እንደሆነ ይታወቀኛል። እኔ ግን ነገሩን ሳስበው የሳቸው ክርክር ከኔ ምክር የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። እበት እዚህ አዲስ አበባ ስንጽፍበት ቆሻሻ ነው። እዚያ ግን ተጠፍጥፎ ሲደርቅ ኩበት፣ ኩበቱ እንጀራ ነው። በተረፈው ግድግዳ ይለቀለቃል፣ አውድማ ይለቀለቃል። ዛፍ ባለቀበት ደጋ ውስጥ አንዲት እናት የሳምንት ኩበቷን ለማታውቀው አበባ ሲዛቅባት «ደግ አደረግሽ ልጄ» ብትል ነው የሚገርመኝ።

እና ለልጅቷ «አማትሽን ታቀርቢልኝ?» አልኳት። ትንሽ አቅማማች። ቀረቡ።

«እናንተ ጋዜጦች ማገዶ ትገዛላችሁ እንዴ?» አሉኝ፤ ሰላምታውም ሳያልቅ።

አንገዛም አልኳቸው። ጥፋቱ የልጅቷ ሳይሆን የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ «እማማ፣ እበትዎን አልነካም፤ ግን ከቤቱ ጀርባ ከድሮ ጀምሮ የከረመ ነገር የለም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አመድ መድፊያው ነዋ! የአማቴም አማት የደፉበት። ዱባ ሳይተክሉት ይበቅልበታል። ጌሾዬንስ ያሳደገው ማን ሆነና?»

ተመልከቱ እንግዲህ! እኔ ከመጽሐፍ ስፈልገው የነበረውን ነገር እሳቸው ዱባ ሲበቅልበት እያዩት ኖረዋል። በገጠርም በከተማም የድሮ ግቢ ካለ፣ ከጓሮ በኩል የምድጃ አመድ፣ የበረት ጥራጊ፣ ገለባ፣ የድንች ልጣጭ ሲደፋበት የኖረ ጉብታ አይጠፋም። ጌሾውና ጎመኑ ለምን ከቤት አጠገብ እንደሚያምርባቸው አስባችሁ ታውቃላችሁ? ያ ጉብታ ከዓመት ዓመት ተብላልቶ ብስባሽ ሆኗል። የፈረንጆቹ ኮምፖስት ማለት ነው። አይቃጠልም፣ አይሸትም፤ ማገዶም አይሆንም። ምራትና አማት የሚጣሉበት ነገር የለውም።

ያቺ የሞጣዋ አመድ እዚህ ላይ ትገባለች። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፤ ፎስፈረስና ፖታሽ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። አይሪስ ደግሞ የምትጠላው የናይትሮጅን ብዛት ነው። አማትየው ኩበታቸውን አንድደው እንጀራቸውን ይጋግሩ፤ አበባዋ ከአመዱ ድርሻዋን ታገኛለች። ግን ደግሞ «አትሰስቱ» ብያለሁና አሁን ስሰሱ እላለሁ! አመድ አፈሩን ስለሚለውጠው በዓመት አንዴ፣ ለአንድ ሥር አንድ እፍኝ የማይሞላ፣ ከአፈር ጋር ተደባልቆ ይበቃል። በተለይ ዋልካ ላይ። ቀይ አፈር ያላችሁ ትንሽ ብታበዙም አይከፋም።

ስለ ብስባሽ ካነሳሁ አንድ ሰው ሳልጠራ ባልፍ ደስ አይለኝም። ሱ ኤድዋርድስ የሚባሉ፣ ኢትዮጵያን አገራቸው ያደረጉና በ2018 እ.ኤ.አ. ያረፉ የዕፅዋት ሊቅ ነበሩ። ከባለቤታቸው ከዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ጋር ሆነው፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ገበሬው እበቱንና አረሙን ወደ ብስባሽ እንዲለውጥ ደክመዋል። የሚገርመው፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ 6ኛ ቅጽ ካዘጋጁት አንዷ እሳቸው ናቸው፤ የአይሪስ ቤተሰብ ያለውም በዚያ ቅጽ ነው። ብስባሹንም አበባውንም አንድ ሰው ይዞት ነበር ማለት ነው።

እህቴ፣ አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ጊዜሽ አጭር ስለሆነ በቅደም ተከተል ያዢልኝ።

የቀሩትን ሦስቱን ዛሬውኑ አውጫቸው። ዝንጅብሉን ጫን ስትዪው የሚሰረጉደውን ቁረጪና ጣዪ፤ እስከ ነጩ ሥጋ ድረስ ቁረጪ፤ ቡኒ ከቀረ ይመለስብሻል። ቢላዋውን በየመሐሉ በበረኪና ጥረጊው፤ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ። ቅጠሉን ከግማሽ በታች ቁረጪ። ከዚያ ጥላ ላይ፣ አየር በሚያገኘው ቦታ፣ ሁለት ቀን ይደር፤ ቁስሉ ቅርፊት ይይዛል። አይዞሽ፣ በሁለት ቀን አይሞትም። ዝንጅብል ገበያ ላይ ስንት ቀን ይሰነብት የለ?

ቦታውን ስትመርጪ ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ጉድጓድ የሚባል ነገር እርሺ። ከመሬቱ አንድ ክንድ ያልሞላ ከፍታ ያለው መደብ አቅፈሽ ሥሪ። ከአመድ መድፊያው ከላይ ያለውን አዲሱን ገለል አድርገሽ፣ ከውስጥ ጥቁርና ፍርፍር ያለውን አውጪና ንፊው። (በወጥ ቤቱ ወንፊት እንዳይሆን! አሁን ደግሞ በሱ እንዳትጣሉ። ስባሪ ጠርሙስም አይጠፋውምና ጓንት ወይም ፌስታል እጅሽ ላይ አድርጊ፤ እበት የነካ አፈር የቆሰለ እጅ ከነካ ቴታነስ ያመጣል።) ለአንድ ሥር ሦስት እፍኝ ይበቃል። ከመደቡ አፈር ጋር ታች ቀላቅዪው፤ በላዩ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ተራ አፈር አልብሺ። ዝንጅብሉ ብስባሹን አይነካም፤ ክር መሳዮቹ ሥሮች ናቸው ወርደው የሚያገኙት። ከአፈሩ ትንሽ ጉብታ ሥሪና ዝንጅብሉን ኮርቻ ላይ እንዳለ ሰው አስቀምጪው፤ እግሮቹ ግራና ቀኝ ይውረዱ። እግሮቹን ቅበሪ፤ ጀርባውን ተይው። አንዴ አጠጪና አፈሩ ከላይ እስኪደርቅ ድረስ አትመለሺ። በየዓመቱ ከአበባው በኋላ እፍኝ ብስባሽ ከዝንጅብሉ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገሽ ዙሪያውን ብትበትኚ ይበቃታል።

«የከረመ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አንደኛ በአፍንጫሽ፤ ዝናብ ያገኘው አፈር ነው መሽተት ያለበት። እፍኝ ዝገኚና ጨብጪው፤ እጅሽ ላይ ካልሞቀ፣ ገለባው ገለባ መሆኑ ካልታወቀ፣ ደርሷል። ካልተማመንሽ ፌጦ አለልሽ። ከብስባሹ ጣሳ ላይ ሙዪ፣ ውኃ አርከፍክፊ፣ አሥር የፌጦ ፍሬ ዝሪበት፤ በሌላ ጣሳ ተራ አፈር ላይ አሥር። በሳምንት ውስጥ ሁለቱም እኩል ከበቀሉ ግሩም። የብስባሹ ጣሳ ከቀረ ወይም ቡቃያው ከቢጫ ካልወጣ ገና ትኩስ ነው። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ በውጭ አገርም ብስባሽ የሚፈተነው በዚሁ በፌጦ ነው።

ወደ ሞጣ የምትሄጅው ደግሞ አሁን፣ ጥቅምት ሳያልቅ ነው። ኅዳርን አትጠብቂ፤ አፈሩ ገና እርጥበት እያለው ዝናቡ የሄደበት ጊዜ ነው የሚመቸው። ሰኔ ላይ የነቀልሻቸው ክረምት ሙሉ ቁስላቸው ሳይደርቅ ነው የሰነበቱት። ግንዱን በሙሉ ንቀዪው፤ ዳር ዳሩን ያሉትን ወጣቶቹን ምረጪ፤ መሐል ያለው ያረጀና ቅጠል የሌለው ከእንግዲህ አያብብም። ሁሉንም አንድ ቦታ አትትከዪ። ከወንድሞችሽ አንደኛው ሞጣ የሚቀር ከሆነ ለሱም ሁለት ሥር ስጪው፤ ቢቸና ላይ ያልታሰበ ነገር ቢመጣ ዘሯ እንዳይጠፋ። የመጀመሪያውን ዓመት ላታብብ ትችላለች። «ገደልኳት» ብለሽ ቆፍረሽ አትዪ!

ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆን ብስባሽ ከፈለግሽ ደግሞ ጥቅምት ጥሩ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ይደርስልሻል። በበጋ እርጥበት እንዲይዝ ጉድጓድ ይሻላል፤ በክረምት ከሆነ ክምር። (ይሄ ጉድጓድ የብስባሹ እንጂ የአበባው አይደለም፤ ከእንግዲህ በግማሽ መስመር አልጽፍም ብያለሁ።) ከታች ደረቅ የማሽላ ወይም የበቆሎ አገዳ፣ በላዩ ገለባና ለምለም አረም፣ ከዚያ ስስ አድርጎ እበት ወይም ፋንድያ፣ እፍኝ አፈር፤ እንደገና ገለባ። እበቱ ለጠቅላላው ከአራት አንድ እጅ ቢሆን ይበቃል። እሱንም ከአማትሽ ለምነሽ እንጂ ዝቀሽ አይደለም። የበግና የፍየል በጠጥም ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ማንም አይጠፈጥፈውም። የዶሮ ኩስ ግን ኃይለኛ ነውና ትንሽ ብቻ። አንድ ዱላ መሐሉ ላይ ሰክተሽ በየሳምንቱ አውጥተሽ ንኪው፤ ሞቅ ብሎ እርጥብ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ውኃ ስጪው። በወር አንዴ ገልብጪው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ደግሞ «እኛስ?» እንዳትሉ። ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳና ታቹ የተበሳ ሰፊ ጣሳ ካላችሁ አይሪስ ትሆንላችኋለች። መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት አፈር ስትገዙ ዝም ብላችሁ «ፍግ አለው?» አትበሉ፤ ሁሉም አለው ይላችኋል። ከረጢቱን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ እጃችሁን ከትታችሁ ሙቀቱን እዩ። ከሞቀ ገዝታችሁም ቢሆን ሦስት ወር አስቀምጡት። ሰላጣ ለምትተክሉማ ትኩስ እበት ጭራሽ አይታሰብም፤ ጥሬውን የምትበሉት ነገር ነው፤ ሆድ ያስይዛችኋል።

ትናንት ማታ ከቢቸና አጭር መልእክት ገባልኝ። ከሦስቱ አንደኛው ውስጡ ቡኒ ሆኖ ተገኘ፤ ተጣለ። ሁለቱ ነጭ ናቸው፤ ጥላ ላይ ናቸው። የአመድ መድፊያው ፌጦ በአራተኛው ቀን በቅሏል። አማትየው ከጌሾው ጎን ያለውን ቦታ ራሳቸው አሳይተዋታል፤ «ዱባዬን ግን እንዳትነኪ» ብለዋል አሉ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ቅዳሜ ወደ ሞጣ ትሄዳለች።

ጎመኑ ለሳምንት። ቸር ሰንብቱ።